አረንጓዴው ሰው ስንት ሰከንድ ይሰጠናል?



ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስንሠማራ ከሚጠብቁን ኃላፊነቶች አንዱ ሕፃናትን ከግቢ አውጥቶ በደኅና መልሶ ማስገባት ነው። ስለ ዕፅዋት ለማስተማር ወደ መናፈሻ፣ ስለ ሥራ ለማስተማር ወደ ገበያ ወይም ወደ ፋብሪካ እንወስዳቸዋለን። ታዲያ በትምህርት ቤቱ በርና በመናፈሻው መካከል ዘወትር አንድ ነገር አለ፤ እሱም አስፋልት ነው።

ይኼ አስፋልት ደግሞ እንደ ዱሮው አይደለም። አዲስ አበባን ብንወስድ ባለፉት ዓመታት በርካታ አደባባዮች ፈርሰው በምትካቸው ባለ መብራት መስቀለኛ መንገዶች ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የኮሪደር ልማትም የእግረኛ መንገዶችን አስፍቷል፤ ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቷል። ዜብራው በአዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ በየምሰሶው ላይ ቀይ የቆመ ሰውና አረንጓዴ የሚራመድ ሰው እየተፈራረቁ ይበራሉ። ብዙዎቻችን ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች የመጣን ስለሆንን ይህን ሁሉ የለመድነው እዚሁ ከመጣን በኋላ ነው።

በክፍል ውስጥ ስለዚህ ነገር የምናስተምረው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ቀይ ሲበራ ቁም፣ አረንጓዴ ሲበራ ተሻገር። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምንኛ ደስ ባለ! አረንጓዴው ሰው እኮ መኪናውን ጆሮውን ይዞ አያቆመውም። የሚሰጠን ተራ ነው፤ ተራውም በሰከንድ የተቆጠረ ነው። ሰከንዱ የተቆጠረው ለማን እርምጃ ነው? የሰባት ዓመት ልጅ እጁን ሰጥቶን ሲከተለን ይህን ማወቅ ያለበት ማን ነው? በዚህ ጽሑፌ ለማስረዳት የምሞክረው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ መብራቱ ከየት መጣ? ቀይና አረንጓዴን ለመንገድ የሰጠው ባቡር ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ፒክ ናይት የተባለ የባቡር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1868 ለንደን ውስጥ ከፓርላማው አጠገብ አንድ ምሰሶ አስተከለ። ቀን ቀን እንደ ባቡር ምልክት ክንዶቹን ያነሣና ይጥላል፤ ማታ ማታ ደግሞ በጋዝ የሚነድ ቀይና አረንጓዴ ፋኖስ ያበራል። የሚያዞረው ፖሊስ ነበር። አንድ ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላው በጥር 1869 ጋዙ ፈንድቶ ፖሊሱን አቆሰለውና ነገሩ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መብራት አሜሪካን አገር ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ እስኪተከል ድረስ፣ ማለትም እስከ ነሐሴ 1914፣ አርባ አምስት ዓመት አለፈ። ቢጫው የተጨመረው ዊልያም ፖትስ የሚባል የዲትሮይት ፖሊስ በ1920 ባለ ሦስት ቀለሙን መብራት ሲሠራ ነው። (ፖሊሶቹ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ቦታ አላቸው፤ ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆሞ የሚውለው ሰው ነው መላ የሚፈልገው።)

ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን ጋሬት ሞርጋን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት ባገኘበት በእጅ የሚዞር ምልክቱ ላይ ከቁምና ከእለፍ ሌላ አንድ ሦስተኛ ነገር ነበረበት፤ ይኸውም ከየአቅጣጫው የሚመጣው ተሽከርካሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲቆምና እግረኛው በዚያ መካከል እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው።

ዜብራው ከመብራቱ በኋላ የመጣ ነው። በእንግሊዝ አገር ቀደም ሲል የእግረኛ ማቋረጫ የሚታወቀው በአስፋልት ላይ በተደረደሩ ብረቶችና በዳር በቆሙ ምሰሶዎች ነበር፤ ብረቶቹን ግን እግረኛው እንጂ በፍጥነት የሚመጣው ሾፌር በቀላሉ አያያቸውም። ነጭና ጥቁሩ ሽንትር ተሞክሮ ከሩቅ መታየቱ ስለተረጋገጠ በ1951 በሕግ ጸደቀ። ስሙም ከሜዳ አህያ የመጣ ነው። እኛ አገር ሰው ሁሉ ዜብራ ይለዋል፤ የሜዳ አህያ ልሻገር ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ወደ መስቀለኛ መንገዱ እንመለስ። አደባባይና መብራት የሚለያዩበትን ነገር በአጭሩ ለመናገር፣ አደባባይ ቦታን ያካፍላል፣ መብራት ጊዜን ያካፍላል። በአደባባይ ላይ ገቢው መኪና ቀድሞ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይሰጥና ክፍተት ሲያገኝ ይገባል። መኪናው ጥቂት ሲሆን ይህ በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። አንድ ረድፍ ብቻ ባለው ትንሽ አደባባይ ላይ መኪናና መኪና ሊጋጩባቸው የሚችሉ ነጥቦች 8 ሲሆኑ በተራ አራት ማዕዘን መስቀለኛ ላይ ግን 32 ናቸው። ስለዚህ አደባባይ ኋላ ቀር ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ሲበዛና ክቡ ሲሰፋ ነው። ሁለት ሦስት ረድፍ ያለው ትልቅ አደባባይ ከሞላ ይቆላለፋል፤ ካልሞላም መኪናው ሳያቋርጥ ይዞራል። እግረኛ በዚህ መካከል የራሱ ተራ የለውም። ያለው ድፍረቱ ነው። ድፍረት ደግሞ ለጎልማሳ ይሆን ይሆናል እንጂ ለአሮጊትና ለሕፃን አይሆንም።

መብራት ሲተከል የአራቱም ማዕዘን መኪናዎች በተራ ይለቀቃሉ። አንዱ ተራ አልቆ ሁሉም ደርሷቸው ወደ መጀመሪያው እስኪመለስ ያለው ጊዜ አንድ ዙር ይባላል። ብዙ ሰው “ይኼ መብራት ለምን እንዲህ ያቆመናል?” እያለ ያማርራል። ምክንያቱ ይህ ነው። ተራ በተለዋወጠ ቁጥር ጥቂት ሰከንዶች ለማንም ሳይሆኑ ይባክናሉ፤ ቢጫው አለ፣ ከቢጫው በኋላ ሁሉም ቀይ የሚሆንበት ቅጽበት አለ፣ የቆመው መኪና ማርሽ አስገብቶ እስኪነሣ ያለው ጊዜም አለ። ስለዚህ ብዙ መኪና ለማሳለፍ የፈለገ መሐንዲስ ተራዎቹን ያስረዝማቸዋል። ተራው ሲረዝም ዙሩ ይረዝማል፤ ዙሩ ሲረዝም እግረኛው ይቆማል። እግረኛ ብዙ ሲቆም ደግሞ ትዕግሥቱ ያልቅና በቀይ ይገባል። በእኔ አስተያየት በቀይ የሚሻገረውን ሰው ሁሉ ሥርዓት የሌለው ነው ብሎ ከመሳደብ በፊት ስንት ሰከንድ እንዲቆም እንደተደረገ መቁጠር ይገባል።

የቢጫውን ነገር ጥቂት ላብራራው፤ ለልጆች ስናስተምር የምንዘለው እሱን ነውና። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ ቢጫውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፤ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በጠቅላላው 28 ሜትር መሆኑ ነው። ቢጫ ሲበራ ከመቆሚያው መስመር 20 ሜትር ላይ ያለ መኪና እንግዲህ ሾፌሩ ቢፈልግም መቆም አይችልም፤ ያልፋል። ያው መኪና በ30 ኪሎ ሜትር ቢመጣ ኖሮ 13 ሜትር ያህል ይበቃው ነበር። በዝናብ ጊዜና ጎማው ባለቀ ሚኒባስ ላይ ርቀቱ ምን ያህል እንደሚጨምር አንባቢ ይገምት። አረንጓዴው ሰው ገና ብልጭ ከማለቱ ዘሎ የሚገባ ልጅ የሚገናኘው ከዚህ ከመጨረሻው መኪና ጋር ነው።

አሁን ዋናው ሒሳብ ላይ ደርሰናል። እያንዳንዱ ረድፍ 3 ሜትር ተኩል የሆነ አራት ረድፍ መንገድ ስፋቱ 14 ሜትር ነው። መሐንዲሶች ለረጅም ዘመን እግረኛ በአንድ ሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል እያሉ ሲያሰሉ ኖረዋል። በዚህ ሒሳብ 14 ሜትሩ 12 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የአሜሪካን አገር የመንገድ ምልክቶች መመሪያ በ2009 ይህን ቁጥር ወደ 1.07 ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎታል፤ ሽማግሌዎች፣ አካል ጉዳተኞችና ልጆች በ1.2 ስለማይደርሱ ነው። ዘገም እያለ በሰከንድ 0.9 ሜትር የሚሄድ ሰው ለዚያው መንገድ 16 ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። ስድስት ረድፍ ቢሆን፣ ማለትም 21 ሜትር ቢሆን፣ ፈጣኑ በ18 ሰከንድ ሲደርስ ዘገምተኛው 23 ሰከንድ ይፈልጋል። በመካከሉ ያለው አምስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ሲያዩት ትንሽ ነው።

በዚህ ምክንያት የእግረኛው ጊዜ ለሁለት ተከፍሏል። አረንጓዴው ሰው ሳይንቀጠቀጥ ሲበራ ከጠርዝ ላይ ለቆመው ጀምር ማለቱ ነው። ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ግን ውስጥ ያለህ ጨርስ፣ ጠርዝ ላይ ያለህ አትግባ ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን የተረዳው በተቃራኒው ነው፤ ብልጭታውን ሲያይ ሩጫ ይጀምራል። ሰከንዱን በቁጥር ወደ ታች የሚቆጥር መብራት ባለበትም እንደዚሁ ነው። ቁጥሩ 6 ላይ ሲደርስ 14 ሜትር ለመሻገር መግባት ምን እንደሆነ የሒሳብ ተማሪ ሊነግረን ይችላል።

ሰከንድ መጨመር ካልተቻለ መንገዱን ማሳጠር ይቻላል። በአዲስ አበባ ለገሃርና ሰባተኛ በሚባሉት መስቀለኛ መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ማብቂያ ላይ የተደረገው ማሻሻያ ይህን ያሳያል። የተሠራው በመጀመሪያ በቀለምና በቀላል ዕቃዎች ነበር እንጂ በብዙ ኮንክሪት አልነበረም። መኪና በማይጠቀምበት ቦታ ላይ የእግረኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ እንዲገፋ ተደረገ፤ ማዕዘኖቹ ጠበቡ። ጠርዙ በአንድ ረድፍ ያህል ወደ ውስጥ ከገባ እግረኛው ሦስት ሰከንድ አተረፈ ማለት ነው። ማዕዘኑ ሲጠብ ደግሞ የሚታጠፈው መኪና ሳይወድ በግዱ ይቀዘቅዛል። በሰፊ ማዕዘን ላይ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይጠመዘዛል፤ በጠባብ ላይ ግን እንዲህ ካደረገ ጠርዙ ላይ ይወጣል። በመንገዱ አካፋይ ላይ የሚሠራው የእግረኛ መቆሚያም ትልቅ ነገር ነው፤ ያልደረሰ ሰው ግማሹን ተሻግሮ እዚያ ይቆማልና።

የሚታጠፈው መኪና ነገር ለብቻው መነሣት አለበት፤ ቀይ ሲበራ ቁም፣ አረንጓዴ ሲበራ ተሻገር የሚለው ትምህርታችን ባዶ የሚሆነው እዚህ ላይ ነውና። በብዙ መስቀለኛ መንገዶች አረንጓዴው ሰው የሚበራልን ከእኛ ጎን ለጎን ወደ ፊት ለሚሄዱት መኪናዎችም አረንጓዴ ሲበራ ነው። ከእነዚያ መኪናዎች አንዳንዱ ወደ ፊት አይሄድም፤ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የሚታጠፈውም እኛ በምንሻገርበት ዜብራ ላይ ነው። ሕጉ ለእግረኛው ቅድሚያ ስጥ ይለዋል፤ ሾፌሩ ግን ዓይኑ ሌላ መኪና ላይ ሊሆን ይችላል። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ መንዳት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ከዚያ በፊት በግራ ነበር። ቀኝ በሚነዳበት አገር ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ እግረኛ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መኪና የሚመጣበት ከኋላው በግራ ትከሻው በኩል ነው። ልጆችን ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ እዩ እንላቸዋለን። ጥሩ ነው። ባለ መብራት መስቀለኛ ላይ ግን ትከሻችሁን ዞር አድርጋችሁ ወደ ኋላም እዩ የሚለው ካልተጨመረበት ይጎድላል። ትንሽ ልጅ የመኪናን ፍጥነት በዓይኑ መመዘን ይቸግረዋል፤ ቁመቱም ስለሚያጥር ሾፌሩ አያየውም። የምናስተምረው ምልክት ይህን ያህል ግልጽ መሆን አለበት፤ መኪናው ቆመ ወይ? ጎማው መዞሩን አቆመ ወይ?

መብራት የሚጠፋበትም ቀን አለ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ያ ሁሉ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ይቀርና መስቀለኛው የጉልበተኛ ይሆናል። ትራፊክ ፖሊስ ከመጣ የእጁ ምልክት ይሠራል፤ መብራቱ እየበራ እንኳ ፖሊሱ ቁም ካለ መቆም ነው፤ እጅ ከመብራት ይበልጣል። ይህን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ካልሆነ አረንጓዴ በርቶ ፖሊሱ ሲያቆማቸው ግራ ይጋባሉ።

ዓይነ ስውራን ባልንጀሮቻችንም አረንጓዴው ሰው ምን እንደሚላቸው አያዩም። በአዳዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ የምናያቸው ቢጫ ንጣፎች ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም። ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ የፈለሰፋቸው ሲሆኑ መጀመሪያ የተነጠፉት በ1967 ኦካያማ በምትባል ከተማ ነው። ረጃጅም መስመር ያለው ንጣፍ ተከተለኝ ይላል፤ ክብ ክብ ጉብታ ያለው ደግሞ ቁም፣ እዚህ ጠርዝ አለ ይላል። በላዩ ላይ የሊስትሮ ዕቃ ወይም የበቆሎ ማንደጃ ካስቀመጥንበት ዓይነ ስውሩ የተጻፈለትን ደብዳቤ ቀደድንበት ማለት ነው። ንጣፉ ጠርዙን ይነግረዋል እንጂ መብራቱ መለወጡን አይነግረውም፤ ድምፅ የሚያሰማ መብራት በሌለበት እዚያ ላይ የሰው ክንድ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ወደ ክፍላችን ልጆች እንምጣ። መብራቱ ሲሰላ የታሰበው ለአንድ ሰው እርምጃ ነው እንጂ ለአንድ ክፍል ተማሪ አይደለም። እኛ ደግሞ ልጆችን ስናወጣ ሁለት ሁለት እያደረግን እጅ ለእጅ አያይዘን እናሰልፋቸዋለን። ለእግረኛ መንገድ ይህ መልካም ነው። ለማቋረጫ ግን እንቁጠረው። 40 ልጆች ሁለት ሁለት ሲሆኑ 20 ረድፍ ይሆናሉ። በረድፍና በረድፍ መካከል አንድ ሜትር ቢኖር የሰልፉ ርዝመት 19 ሜትር ነው። የፊተኞቹ 14 ሜትሩን ተሻግረው ሲደርሱ የኋለኞቹ ገና ከጠርዝ አልወረዱም! በሰከንድ አንድ ሜትር ቢራመዱ የመጨረሻዋ ልጅ ማዶ የምትደርሰው በ33ኛው ሰከንድ ነው። ለአንድ ሰው 12 ሰከንድ ተብሎ የተሰላ ማቋረጫ እስከዚያ አይጠብቃትም።

ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ሰልፉን አራት አራት ብናደርገው (ዜብራው ለዚህ ይበቃል) 10 ረድፍ ይሆናል፤ ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ጊዜው 23 ሰከንድ ይሆናል። ሃያ ሃያ አድርገን ለሁለት ከፍለን፣ አራት አራት አድርገን ብናሻግር ደግሞ 18 ሰከንድ ይበቃል። ክፍሉ 60 ከሆነ ሦስት ቡድን ማለት ነው፤ ሦስት ዙር መጠበቅ ያሰለቻል፣ ግን ይጠበቃል።

ይህን ለማድረግ ከመውጣታችን በፊት በዋዜማው ወደ ማቋረጫው ሄዶ አረንጓዴው ሰው ስንት ሰከንድ እንደሚቆምና ስንት ሰከንድ ብልጭ እንደሚል በሰዓት መቁጠር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከየመስቀለኛው ይለያያል። ከዚያም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በኖራ ወይም በአመድ 14 ሜትር ለክቶ ሁለት መስመር ማስመር ነው። ልጆቹ አራት አራት ሆነው ሲሻገሩ ሌሎቹ ጮክ ብለው ሰከንድ ይቆጥራሉ። ለአራተኛ ክፍል ይህ የሒሳብ ትምህርትም ይሆናል፤ መለካት፣ ማካፈልና ማወዳደር ሁሉም አለበት። በትምህርት ቤቱ የተማሪ ትራፊኮች ካሉ ፖሊስ ሆነው ቁም እያሉ ይጫወታሉ፤ አንድ ሁለቱ ደግሞ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሚኒባስ ይሆናሉ። (ረዳት የሚሆን አይጠፋም፤ እንዲያውም ሁሉም ረዳት ልሁን ይላሉ።)

በዕለቱ ሁለት አስተማሪ ያስፈልጋል። ለልምምድ ሁለት ሁለት ሆነን ከተመደብን ይህ አያስቸግርም፤ ብቻውን የተመደበ ደግሞ የክፍሉን መምህር ወይም መምህርት አብረው እንዲወጡ ይለምን። አንዱ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር ይሻገራል፤ ሁለተኛው ከቀሩት ጋር ይቆያል፤ ቡድኑ ሦስት ከሆነ መካከለኛውን ከማዶ ተመልሶ የሚወስደው የፊተኛው ነው። የተሻገሩት ልጆች ከጠርዙ ራቅ ብለው ግድግዳ ጥግ፣ ጀርባቸውን ወደ መንገዱ ሰጥተው ይቁሙ። ማዶ ያለ ጓደኛ ፊቱን አዙሮ በእጁ ሲጠራ፣ ወዲህ ያለው ልጅ መብራቱንም መኪናውንም ረስቶ ይሮጣል። በክፍሉ ውስጥ ወንድማማችና እህትማማች ካሉም በአንድ ቡድን ቢሆኑ ይሻላል።